ስድስት ፀጉር

ጥቅምት 12

ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም። ደህና መሆንህን ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስትዘጋው አውቄያለሁ፤ የታመመ ሰው እንደዚያ አድርጎ አይዘጋም። ከእንግዲህ በስልክ አላወራህም። ደብዳቤ መሐል ላይ አይቋረጥም፤ ቀደህ ልትጥለው እንኳ መጀመሪያ እጅህ ውስጥ መግባት አለበት። በአውቶቡሱ ሹፌር እልካለሁ፣ አንተም በእሱ መልስ።

ከመዝጋትህ በፊት ያልከውን በትክክል ሰምቼ ከሆነ የወርክሾፑን ቁልፍ ከአባዬ ተቀብለኸዋል። «ዓይኑ አልቋል፣ ከእንግዲህ ሥራ ያበላሽብኛል» ብለህ። አርባ አምስት ዓመት ከሠራበት ቤት! እሱ ራሱ ከተከለው የብረት መቅረጫ ቶርኖ! ዓይንህን በጨው ታጥበህ ይህን ስታደርግ አፍህ እንኳ አልተሳሰረም።

አንተ ነገሩን ስትተርከው ከአንተ በቀር ሁሉም ያጠፋ ስለሚመስል ከመጀመሪያው ላስታውስህ። እኔ የምሠራበት ውሃ ጣቢያ የትልቁ ፓምፕ ቧንቧ ውስጥ ያለው የብረት እጅጌ አልቆ ነበር። አለቃዬን ለምኜ ሥራውን ለእናንተ ያሰጠሁት እኔ ነኝ። አባዬ ራሱ መጣ፣ ቧንቧውን ከውስጥ ለካ፣ «ከመቶ ሃያ ላይ ስድስት ፀጉር አንሣ» ብሎ ጽፎ ይዞልህ ሄደ። አለቃዬ ወረቀቱን አይቶ «ፀጉር ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ። በእኛ ቤት ከሚሊሜትር በታች ያለው ሁሉ በፀጉር ነው የሚቆጠረው ስለው ሳቀ። እጅጌው መጥቶ ሲገባ ግን አልሳቀም። ቧንቧው ውስጥ እንደ ተነቃነቀ ጥርስ ይንገዋለላል፤ ውሃው በጎኑ ያልፋል። ሰውዬው በንዴት፣ እኔ እንኳ ሳልለካው፣ በዚያው ቀን መኪና ላይ ጭኖ መለሰላችሁ። ይኸው ሰፈሩ በሙሉ በቦቴ ነው ውሃ የሚጠጣው። ባዶ ጀሪካን የያዘ ሁሉ በመስኮቴ ሥር ሲያልፍ እኔን ሰድቦ ነው የሚያልፈው።

አንተ ደግሞ አባዬ ብርድ መትቶት በተኛበት ሳምንት ብቻህን ቆረጥከው። በአርባ ዓመትህ ያለ እሱ የቆረጥከው የመጀመሪያው ሥራ ነው። ይኼን አንተ ረስተኸው ከሆነ እኔ አልረሳሁትም።

ቁልፉን መልስለት።

እህትህ


ጥቅምት 19

ለእጥፍ፣

በልጅነትሽ ያወጣሁልሽ ስም ዛሬም ልክሽ ነው። አንድ ነገር አይተሽ ሁለት አድርገሽ ነው የምታወሪው።

ቁልፉን አልቀማሁትም። «ስጠኝ» አልኩት፣ ሰጠኝ። ከኪሱ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠውና ሄደ። አንድ ቃል አልተናገረም። ሰው ልክ ከሆነ ዝም ይላል እንዴ?

አሁን ስሚኝ። አንቺ በሩቅ ሆነሽ አባትሽን መውደድ ቀላል ነው። እኔ ነኝ አብሬው የምውለው። የጻፈውን ወረቀት አይተሽዋል? መስመሩ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ተንሸራቶ ከወረቀቱ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። እሺ፣ ይሁን። የመለኪያው የካሊፐር መንጋጋ ቧንቧ ውስጥ ምን ያህል ይገባል? አንድ ጣት። ቧንቧሽ ደግሞ ሦስት ሜትር ነው፤ እጅጌው የሚቀመጠው ሁለት ሜትር ገባ ብሎ ነው። አፉ ላይ ስድስት ፀጉር የጠበበ ቧንቧ ሆዱ ዘንድ የሰፋ ቢሆንስ? ይኼን የድሮው አባዬ ይስተው ነበር? እጁን እስከ ብብቱ አስገብቶ ዳስሶ «እኩል ነው» አለ ብለሽ ራስሽ ነገርሽኝ። በዳሰሳ!

ወሬው ገበያውን ሞልቶታል። «የአባትና ልጅ እጅጌ» እያሉ ይስቁብኛል። ኅዳር 25 ሌላ ቶርኖ ሠራተኛ ይመጣል፤ የአባዬ ጠረጴዛ ወጥቶ የእሱ ይገባል። ሰውየውን ቀጥሬዋለሁ፣ ቃል ሰጥቼዋለሁ።

እንዲያው አፍሽን ላዘጋው ብዬ ነው እንጂ፣ ይኼንንም እጽፋለሁ፦ ቧንቧው እስከ ውስጥ ድረስ አባዬ የጻፈውን ያህል መሆኑን በመለኪያ አሳይኝ። በእንባ አይደለም፣ በመለኪያ። ያን ቀን ቁልፉን በራሴ እጅ እመልስለታለሁ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 27

ለግማሽ፣

አንተ ስም ስታወጣ እኔ ዝም ያልኩ መስሎህ ነበር? አባዬ እኔ የጠራሁትን ቁጥር ግማሹን ነበር ለአንተ የሚሰጥህ። ሁልጊዜ! ለዚህ ነው ግማሽ ያልኩህ፤ ለአንተ ሲሆን ሥራው የሚቀንስልህ ይመስለኝ ነበር። ስድቡ ይብቃ፣ ወደ ቧንቧው ልመለስ።

ሦስት ሜትር የሚገባ መለኪያ የት አባቴ ላገኝ ነው? ጣቢያው የለውም፤ አለቃዬም አይገዛም። ስለዚህ ራሴ ሠራሁ። ሳቅ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብብ። የመጥረጊያ እንጨት ላይ ሁለት ክብ ጣውላ አሰርኩ፤ እነሱ የቧንቧውን ታችኛ ግድግዳ ተደግፈው ይንሸራተታሉ። በላይ በኩል ከአሮጌ የግድግዳ ሰዓት ያወጣሁት የብረት ምላስ አለ፤ ላይኛውን ግድግዳ እየገፋ ይሄዳል። የምላሱ ሥር ከተበላሸ ሬዲዮ ከፈታሁት የድምፅ መጨመሪያ ጋር ተያይዟል። ቧንቧው ሲጠብ ምላሱ ይጎነበሳል፣ መጨመሪያው ይዞራል፣ ውጪ በሽቦ ያገናኘሁት የኤሌክትሪክ ቴስተር ላይ ቁጥሩ ይወጣል። ሲሰፋ ቁጥሩ ይወርዳል። በቃ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነበር። የጣቢያው ዘበኛ እንጨቱ ላይ ያሰርኩትን ገመድ ከወዲያ ጫፍ አልሄድም ያለች ፍየል የሚጎትት ይመስል ነበር የሚጎትተው። እንጨቱ ቧንቧው ውስጥ ተገለበጠ፣ ቁጥሩ አበደ። ታች በኩል የብረት ቁራጭ አንጠለጠልኩበትና መገለባበጡን ተወ። አሁን አንድ ቦታ ላይ አሥር ጊዜ ብለካ አሥር ጊዜ ያው ቁጥር ነው።

የቀረኝ ቁጥሩን ወደ ፀጉር መለወጥ ነው። ለዚህ ውስጡ ልክ መቶ ሃያ የሆነ ቀለበት ቁረጥልኝ። እጅጌውንም እንደገና ለካውና ንገረኝ። አባዬስ ምን ይላል? ዝም አትበለኝ፣ እሱን ጻፍልኝ።

እህትህ


ኅዳር 2

ለእጥፍ፣

ቀለበት አልቆርጥም። ለመጥረጊያ እንጨት ብዬ ቶርኖ አላስነሳም። የቴስተርሽ ባትሪ ሲደክም ቧንቧውም አብሮ ይጠብባል በይኝ ደግሞ።

እጅጌውን ለክቻለሁ። ከመቶ ሃያ ላይ ስድስት ፀጉር ተነሥቶለታል፣ አንድም አይጎድል አንድም አይተርፍ። ወረቀቱ ያለውን ነው የቆረጥኩት። ለሹፌሩ የነገርሽውንም ሰምቻለሁ፤ ተቻኩሎ አበላሸው ብለሽኛል። አልተቻኮልኩም። ሁለት ቀን ሙሉ ትንፋሼን ውጬ ነው የቆረጥኩት። ከፈለግሽ እመኚ፣ ካልፈለግሽ ተይው።

አባዬ ደህና ነው። ይበላል፣ ይተኛል።

ወንድምሽ


ኅዳር 9

ወንድሜ፣

«ይበላል፣ ይተኛል።» እንዲህ ብለህ ነው የጻፍክልኝ። ሹፌሩ ግን ሌላ ነው የነገረኝ። አባዬ ጠዋት ጠዋት ከወርክሾፑ በር ውጪ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ይቀመጣል አለኝ። ቶርኖው ሲነሳ ጆሮውን ወደ ግድግዳው ያደርጋል፣ አንተ ለምሳ ስትዘጋ ይነሣል፣ ስትከፍት ይመለሳል። ሰላም ሲለው «ቢላው ደንዝዟል፣ ድምፁን ስማው» አለኝ አለ። አንተ በዚያ በር በቀን አራት ጊዜ ትወጣለህ ትገባለህ። በእሱ ላይ ተራምደህ ነው የምታልፈው? አሳረርከኝ። እኔም ሌላ ስድብ ጠፍቶኝ አይደለም የምተውህ፤ ወረቀቱ ለሥራው እንዲተርፍ ብዬ ነው።

ቀለበትህን ይዘህ ቅር። ከውዳቂው ክምር ውስጥ ትልቅ የማሽን ኩሽኔታ አገኘሁ፤ ቀዳዳው ልክ መቶ ሃያ ነው፣ ጎኑ ላይ ተጽፎበታል፣ ፋብሪካ ደግሞ እንደ አንተ አይኮራም። መሣሪያዬን ከተትኩበትና ቁጥሩን ጻፍኩ። ከዚያ አዲስ የጢም ምላጭ ገዛሁ። የአንዱ ምላጭ ውፍረት ልክ አንድ ፀጉር ነው፤ በካሊፐር አይቼዋለሁ። ምላሱ በሚነካበት ቦታ ከቀዳዳው ግድግዳ ላይ አንድ ምላጭ ለጠፍኩ፣ ቁጥሩን ጻፍኩ። ሁለት ለጠፍኩ፣ ጻፍኩ። እስከ ስምንት። አሁን ቴስተሩ የሚለኝን ሁሉ በምላጭ መቁጠር እችላለሁ። ባትሪውንም ቀይሬ እንደ ገና ለክቻለሁ፤ ያው ነው።

ትናንት ዘበኛው ገመዱን በየመዳፉ ምልክት አድርጎ ቀስ እያለ ጎተተው፣ እኔ ቁጥር ጻፍኩ። ከአፉ እስከ ወዲያኛው ጫፍ ሃያ ስምንት ቦታ ለካሁ። ሃያ ስምንቱም ስድስት ምላጭ ነው! ሆዱ አልሰፋም፣ አልጠበበም። አባዬ በጣቱ «እኩል ነው» ያለው እኩል ነው። ስድስት ፀጉር ያለው ስድስት ፀጉር ነው።

ቃልህን አክብር። ቁልፉን መልስ።

እህትህ


ኅዳር 14

ለእጥፍ፣ ለእጥፎች ሁሉ እናት፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ለሳቅ ብዬ ነው።

አንቺ ሴትዮ፣ ምላጩን በአንድ ጎን ብቻ ነው የለጠፍሽው! ፀጉር እኮ ዙሪያውን ነው። የቶርኖውን እጀታ አንድ መስመር ሳዞር ቢላው አንድ ፀጉር ይገባል፤ ብረቱ ስለሚዞር ከወዲህም ከወዲያም ይላጣል። አንድ ፀጉር ማለት እሱ ነው። እጀታው ላይ ያሉትን መስመሮች አባዬ ራሱ በመርፌ ጭሮ «አንድ መስመር አንድ ፀጉር» ብሎ ነው ያስተማረኝ። አንቺ በወዲያ ጎን ምንም ሳትለጥፊ በወዲህ ብቻ ስድስት ምላጭ ከለጠፍሽ፣ ያ ሦስት ፀጉር ነው።

እንግዲህ በራስሽ መጥረጊያ ተረታሽ። ቧንቧው ሦስት ፀጉር ነው፤ አባዬ ስድስት ጻፈ። ሦስት ብሎ ጽፎልኝ ቢሆን ሦስት መስመር ቆርጬ እጅጌው ልክ ይገባ ነበር። እኔ የታዘዝኩትን ስድስት ቆረጥኩ፤ ካሊፐሩ መቶ ዐሥራ ስምንት ነጥብ ስምንት ይላል፣ ስድስት ፀጉር ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። ከተጠራጠርሽ ቁጭ ብለሽ ደምሪ።

ጠረጴዛው የሚወጣው ኅዳር 25 ነው። ሳጥኑ ላይ ተቀመጥ ብዬ ያስቀመጥኩት እኔ አይደለሁም። ግባ ብለው አይገባም፣ ቤት ሂድ ብለው አይሄድም። ይኼን ሹፌሩ አልነገረሽም።

ወንድምሽ


ኅዳር 17

ወንድሜ፣

ስትሳደብ የጻፍከውን እኔም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው ላይ እርሳስ አንሥቼ ደመርኩ።

መቶ ዐሥራ ስምንት ነጥብ ስምንት አልክ። ለእኔ ከመቶ ሃያ ላይ ስድስት ፀጉር ሲነሣ መቶ ዐሥራ ዘጠኝ ነጥብ አራት ነው። እኔ ቶርኖ ነክቼ አላውቅም፤ አባዬ በሩ አጠገብ ካሊፐር አስይዞ ነው ያሳደገኝ። ካሊፐር አንዱን ግድግዳ ከሌላው ነው የሚለካው፤ ወዲህና ወዲያ የሚባል ነገር የለውም። «ይቺ አንዷ ጭረት አንድ ፀጉር» ነው ያለኝ፤ የሚሊሜትር አሥረኛ። የእኔ ፀጉር የአንተ ግማሽ ነው።

አስታውስ እስቲ። እኔ ብረቱን ለክቼ ከበሩ «ስድስት ይቀራል!» ስል አባዬ መሐል ቆሞ ወደ አንተ ዞሮ «ሦስት!» ይል ነበር። «አራት» ስል «ሁለት።» አንተ የእኔን ሰምተህ «እጥፍ» አልከኝ፤ እኔ የአንተን ሰምቼ «ግማሽ» አልኩህ። እሱ ይስቅ ነበር። ከዚያ ቤት እስክወጣ ድረስ መሐላችን ቆሞ በአፉ ሲያካፍል ኖሯል፤ እኛ ተሰዳድበን ወደ ቤት እንገባ ነበር።

አሁን ደግሞ የደበቅኩህን ልንገርህ፣ ከዚያ እንደፈለግክ ስደበኝ። ዓይኑን በተመለከተ ልክ ነበርክ። እዚህ ሲመጣ ካሊፐሩን በእጁ አስተካክሎ ያዘው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋና «አንብቢልኝ» አለኝ። ቁጥሩን ያነበብኩት እኔ ነኝ። «ስድስት» አልኩ፤ የእኔን ስድስት። እሱ በተንጋደደ መስመር ጻፈው። ሥራው ሲቆረጥ አጠገብህ ቆሞ «ሦስት» ሊልህ ነበር፤ ብርድ አስተኛው። ለወንድምሽ እንዳትነግሪ ብሎ አስማለኝ፤ እኔም ማልኩ፣ ከዚያ አንተን «ዓይኑ ምን ሆነ» እያልኩ ስሰድብህ ከረምኩ። ዋሽቼብሃለሁ። ይቅርታ ልበል ብዬ ነበር፤ ግን ቁልፉን ስለተቀበልክ ገና አልወጣልኝም።

እሱን ጠይቀው። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ስድስት ፀጉር ስንት ነው?

እህትህ


ኅዳር 23

እህቴ፣

ጠየቅኩት። አራት ቀን ፈጀብኝ፤ ፈሪ በይኝ።

ሳጥኑ ላይ ነበር። ሌላ ሳጥን አምጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «አባዬ፣ ስድስት ፀጉር ስንት ነው?» አልኩት። ፊቱን ወደ ድምፄ መለሰና «ለማን?» አለኝ።

«እንዴት ለማን?»

«ለእሷ ስድስት ነው። ለአንተ ሦስት።»

እኔ ያን ጊዜ አንገቴን ደፋሁ። ከመቼ ጀምሮ አወቅክ አልኩት። እጅጌው ተመልሶ የመጣ ቀን በጣቴ ዞርኩት፣ ወዲያው ገባኝ አለ። እንግዲህ ቁልፉን አምጣ ስለው ሁሉንም ያውቅ ነበር! ጮህኩበት፤ አልዋሽሽም፣ መንገደኛ ቆሞ እስኪያየን ድረስ ጮህኩበት። «ለምን አልነገርከኝም? ለምን አሳፈርከኝ?»

«ብቻህን የቆረጥከው የመጀመሪያ ሥራህ ነው» አለኝ። «ዞርኩት እኮ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንዲት ፀጉር አልሳትክም። እንዲህ ያለ ሥራ አርባ ዓመት ስጠብቅ ነበር። ተበላሽቷል ብዬ ልንገርህ? ለሁለታችሁ በሁለት አፍ ያስተማርኩ እኔ ነኝ፤ ቁልፉ ይሂድ አልኩ።»

ከዚህ በኋላ ምን እንዳልኩት አትጠይቂኝ።

ለቀጠርኩት ሠራተኛ አትምጣ ብዬ ላክሁበት፤ ቅር ብሎታል፣ ቢሰድበኝም ተገቢ ነው። ትናንት አዲስ ብረት አሰርኩ። አባዬን ና ግባ ስለው በዚህ ጊዜ ገባ። የድሮ ቦታው ላይ ቆመ፣ በሩና ቶርኖው መሐል፤ አንቺ ግን በሩ ላይ አልነበርሽም። ጠበቀ፤ እኔም ምን እንደሚጠብቅ ዘግይቶ ገባኝ። ደብዳቤሽን ከኪሴ አውጥቼ ጮክ ብዬ «ስድስት!» አልኩ፣ በአንቺ ፈንታ። «ሦስት» አለኝ። ቆረጥኩ።

እጅጌውን ይኸው በዚሁ አውቶቡስ ልኬልሻለሁ። እንዳትጥሉት። እኔን ስለሰደብሽኝ ሁሉ ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ አንቺም ስለዋሸሽኝ ገና አልተውኩሽም። ይህን እወቂው።

ወንድምሽ


ኅዳር 26

ግማሽ፣

በመዳፌ ጀምሬ በመጥረጊያው እንጨት ገፋሁት፣ ገባ። ሁለት ሜትር ውስጥ ሲደርስ ዘበኛው በትከሻው ጨመረበት፤ ከዚያ ወዲያ አልነቃነቅም አለ። ፓምፑን ከአራት ሰዓት ጀምሮ አስነሥተነዋል፣ በጎኑ ጠብታ አያልፍም። አለቃዬ «ፀጉር ስንት ነው አልሽኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለማን አልኩት። አልገባውም።

ስለ ቁልፉ ግን ምንም አልጻፍክልኝም። ገባ አልከኝ እንጂ ማን እንደከፈተ አልነገርከኝም። ቃልህ ምን ነበር?

እጥፍ


ታኅሣሥ 1

እጥፍ፣

አንቺ ደግሞ አትለቂም።

ትናንትና ጠዋት ቁልፉን ሰጠሁት። ተቀበለና ኪሱ ሊከተው ሲል «አይሆንም፣ አንተ ክፈት» አልኩት። በሩ ዘንድ ሄደ። ያ ቁልፍ አሮጌ ነው፤ እኔ በደህና ዓይኔ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልሳትኩት አይገባልኝም። እሱ መጀመሪያ አውራ ጣቱን ቀዳዳው ላይ አሳረፈ፣ ጠርዙን አንድ ጊዜ ዞረው፣ ከዚያ ቁልፉን በጣቱ ጎን አስገባው። በአንዴ ገባ።

ቀዳዳውን ለካው እኮ። ከኋላው ቆሜ አየሁት። ከዚያ ዞሮ «ቢላው ደንዝዟል ብዬ ነግሬ ነበር፣ ማንም አልሰማኝም» አለና ገባ። ዛሬ ስስለው ዋልኩ።

ካሊፐሩን ማን ያንብብለት የሚለው ነገር ገና ይቀረናል። እኔ አነብለታለሁ፤ ግን የአንቺን ስድስት ከኔ ሦስት እንዳላምታታ ፈርቻለሁ። ፈቃድ ስታገኚ ነይና በሩ ላይ ቁሚ።

ግማሽ